ለጥናት የትኛው ይሻላል? ሰልፈር በል የባህር ባክቴሪያዎችን ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

የባህር ዳር ጥቁር ጭቃ ቆፍሮ ያየ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሽታው የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። ይህ ጋዝ ለአብዛኛው ፍጡር መርዝ ነው፤ ህዋስ ኦክስጅን የሚጠቀምበትን ኢንዛይም ሥራ ያስቆማል። በዚያው ጭቃ ላይ ግን አንዳንዴ ነጭ ጥጥ የመሰለ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ይታያል። ሽፋኑ ሕይወት አለው። መርዙንም ምግቡ አድርጎታል።

ሰልፈር በል ባክቴሪያዎች ከሰልፋይድ ኤሌክትሮን ወስደው ለኦክስጅን ወይም ለናይትሬት ያስረክባሉ። በመሃል የሚለቀቀውን ጉልበት ለራሳቸው ያስቀራሉ። ብዙዎቹ በዚያ ጉልበት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ አካላቸው ይለውጣሉ። የፀሐይ ብርሃን አያስፈልጋቸውም። ትርፉም ቀላል አይደለም፤ አንድ ሞል ሰልፋይድ በኦክስጅን ሙሉ በሙሉ ወደ ሰልፌት ሲቀየር 800 ኪሎጁል ገደማ ይለቀቃል።

በዚህ ዘርፍ ጥናት ለመጀመር የሚያስብ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ «የትኛውን ልያዝ?» የሚል ነው። አማራጩ ብዙ ነው። አንዱ በዓይን ይታያል፤ ሌላው በቤተ ሙከራ አልበቅልም ብሏል። አንዱ በእግር ተሄዶ ከባህር ዳር ይገኛል፤ ሌላውን ለማግኘት 2,500 ሜትር መጥለቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በዝና ይመርጣል፤ እኔ ግን በሌላ መለኪያ ምረጡ እላለሁ።

መለኪያው ይህ ነው። የእነዚህ ባክቴሪያዎች ችግር አንድ ዓይነት ነው። ምግቡና ኤሌክትሮን ተቀባዩ አንድ ቦታ አይገኙም። ሰልፋይዱ ከታች ይመጣል። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች የባህር ውሃ ሰልፌትን ተጠቅመው ብስባሹን ሲያፈርሱ ሰልፋይድ ይወጣል። በባህር ውሃ ውስጥ በሊትር 28 ሚሊሞል ገደማ ሰልፌት ስላለ ጥሬ ዕቃው አያልቅም። በባህር ዳርቻ አካባቢ ከሚፈርሰው የጭቃ ብስባሽ እስከ ግማሽ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። ኦክስጅኑ ደግሞ ከላይ፣ ከውሃው ነው የሚገባው። ሁለቱ ከተገናኙ ያለ ባክቴሪያም በራሳቸው ስለሚዋሃዱ ጊዜ አይሰጡም።

ታዲያ ከታች ያለውን ከላይ ካለው ጋር ማን ያገናኛል? እያንዳንዱ ባክቴሪያ የራሱ መላ አለው። አንዱ ድንበሩ ላይ ይቆማል። ሌላው ስንቅ ይቋጥራል። አንዱ ሽቦ ይዘረጋል። ሌላው እንስሳ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። እኛም የምንመርጠው መላውን ነው። ጥያቄያችሁ የትኛውን መላ እንደሚመለከት ካወቃችሁ ባክቴሪያው ራሱ ይመጣል።

ድንበር ላይ የሚቆመው፦ ቤጊያቶዋ

ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ቤጊያቶዋ ነው። ያ ነጭ ሽፋን ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። ህዋሶቹ ተቀጣጥለው ረጅም ክር ይሠራሉ። ክሩ ውስጥ የሰልፈር፣ ማለትም የድኝ፣ ጠብታዎች ተጠራቅመዋል። ብርሃን የሚመልሱትና ሽፋኑን ነጭ የሚያስመስሉት እነሱ ናቸው።

የዘርፉ ታሪክም ከእሱ ይነሳል። በ1880ዎቹ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በስትራስቡርግ ሆኖ ክሮቹን በማይክሮስኮፕ ሥር ያጠና ነበር። ሰልፋይድ ሲሰጣቸው ጠብታዎቹ በዙ። ሲከለክላቸው ጠብታዎቹ እየመነመኑ ጠፉ። ሕይወት ያለው ነገር ከማዕድን ጉልበት አግኝቶ ይኖራል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ምልከታ ተነሳ። ዛሬም ይህን ሙከራ አንድ ማይክሮስኮፕና ትንሽ ትዕግስት ያለው ሰው ሊደግመው ይችላል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ቤጊያቶዋ ዝንፍ የማይል ድንበር ጠባቂ ነው። ኦክስጅንና ሰልፋይድ የሚደራረቡበት ንብርብር ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር ያንሳል፤ አንዳንዴ የሚሊሜትር አስረኛ ነው። ክሩ በዚያች ውስጥ እየተንሸራተተ ይኖራል። ኦክስጅኑ ሲበዛበት አቅጣጫ ቀይሮ ይመለሳል። ሽፋኑ ሥራውን በደንብ ሲሠራ ሰልፋይዱ ወደ ውሃው አያልፍም።

ይህን በቱቦ ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ከታች ሰልፋይድ ያለበት ጠንከር ያለ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት እንደ ጄሊ የረጋ ነገር) ታደርጋላችሁ። ከላዩ ሰልፋይድ የሌለበት ለስላሳ አጋር ታፈሳላችሁ። የቱቦው አፍ ለአየር ይተዋል። ባክቴሪያውን ለስላሳው ውስጥ ትጨምራላችሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ መሃል ላይ፣ ልክ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ስስ ነጭ ሳህን ይታያል። ከላይም ከታችም ምንም የለም፤ ባክቴሪያው ቦታውን መርጧል። ቱቦውን ግን እንደ ዓይን ብሌን ጠብቁት። አንዴ ከተናወጠ የኦክስጅኑና የሰልፋይዱ ንብርብር ይፈርሳል፤ የቀናት ሥራ እንደገና ይጀመራል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ቤጊያቶዋ የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ ብዙ ነገር ሸፍኖ ቆይቷል። መልክ ብቻ አይቶ ስም መስጠት ያሳስታል። ትልልቆቹ የባህር ክሮች በዘረመል ሲታዩ የተለያዩ ወገኖች ሆነው ተገኝተዋል፤ አዳዲስ ስምም እየተሰጣቸው ነው። ስለዚህ የዘረመል ምርመራ ከመጀመሪያው በዕቅዳችሁ ይግባ። ሁለተኛ፣ ንጹህ ዘር፣ ማለትም ሌላ ባክቴሪያ ያልተቀላቀለበትን፣ ለይቶ ማብቀል ይቻላል እንጂ ቀላል አይደለም። ክሩ ሲንሸራተት ሌሎች ባክቴሪያዎችን ይዞ ይጓዛል። ደጋግሞ ማጠብና አንድ አንድ ክር እየለቀሙ ማስተላለፍ ያስፈልጋል።

ከቤጊያቶዋ ጎን የሚጠቀስ ቲዮቩለም የሚባል አለ። ክብ ነው። በሰከንድ 600 ማይክሮሜትር ገደማ ይዋኛል፤ ለባክቴሪያ ይህ ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ብዙ ሆነው መጋረጃ የመሰለ ሽፋን ይሠራሉ፤ እየተሽከረከሩም ውሃውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ጥያቄያችሁ ስለ ዋናና ስለ ፍሰት ከሆነ ድንቅ ነው። ለሌላ ጥያቄ አልመክረውም፤ ለይቶ ማብቀሉ ብዙ ያደክማል።

ስንቅ የሚቋጥሩት፦ ቲዮፕሎካና ቲዮማርጋሪታ

ድንበሩ ላይ መቆም ካልተቻለስ? ይዞ መሄድ ነዋ። እነዚህ ሁለቱ ናይትሬትን በአካላቸው ውስጥ ያከማቻሉ። ኦክስጅን በሌለበት በዚያ ስንቅ ሰልፋይድን ይጠቀማሉ።

ቲዮፕሎካ በቺሊና በፔሩ ዳርቻ በሰፊው ይገኛል። ቪክቶር ጋያርዶ በ1977 ስለዚህ ትልቅ የባክቴሪያ ምንጣፍ ሲጽፍ ብዙዎችን አስገርሟል። ብዙ ክሮች በአንድ ዝልግልግ ሰገባ ውስጥ ተጠቅልለው ይኖራሉ። ሰገባው ጭቃው ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ክሩ ወደ ላይ ወጥቶ ከውሃው ናይትሬት ይሞላል፤ ከዚያ ተንሸራቶ ሰልፋይዱ ዘንድ ይወርዳል። ልክ ከምንጭ ውሃ ቀድቶ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሰው ነው። ውስጡ ያለው ናይትሬት በሊትር 500 ሚሊሞል ሊደርስ ይችላል።

ቲዮማርጋሪታ ናሚቢየንሲስ ግን በራሱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሃይዴ ሹልትስ በ1997 በናሚቢያ ዳርቻ ጭቃ ውስጥ አገኘችው፤ ግኝቱ በ1999 ታተመ። ስሙ «የናሚቢያ የሰልፈር ዕንቁ» ማለት ነው። ህዋሶቹ እንደ ዶቃ ተደርድረው ያበራሉ። አብዛኞቹ ከ100 እስከ 300 ማይክሮሜትር ናቸው፤ ትልቁ 750 ደርሷል። በባዶ ዓይን ይታያል ማለት ነው። ከህዋሱ 98 በመቶ ገደማው ግን ናይትሬት የሞላበት ከረጢት ነው፤ ክምችቱ በሊትር እስከ 800 ሚሊሞል ይደርሳል። ሕያው ክፍሉ ጠርዝ ላይ ያለች ስስ ሽፋን ናት። መጠኑ ያን ያህል ሆኖ ባክቴሪያ ሆኖ የቀጠለው በዚህ ነው፤ ምግብ ወደ ውስጥ የሚሰርግበት መንገድ አጭር ነው።

መላው መጠበቅ ነው። ማዕበል ወይም ከጭቃው የሚፈነዳ ጋዝ ሲያናውጠው ወደ ውሃው ይነሳና ናይትሬት ይሞላል። ከዚያ ጭቃው ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ጭቃው በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቀምጦ፣ ናይትሬትም ሰልፋይድም ሳይጨመርለት፣ ከ2 ዓመት በላይ የቆዩ ህዋሶች ተገኝተዋል። ይህን ትዕግስት ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

እንግዲህ ሁለቱን ስናወዳድር፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ቦታ ምርጫ የምትጠይቁ ከሆነ ቲዮፕሎካ ይሻላል። ስለ ነጠላ ህዋስ ኬሚስትሪ ከሆነ ቲዮማርጋሪታ አቻ የለውም። አንዷን ህዋስ በቀጭን መርፌ ለቅማችሁ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን መለካት ትችላላችሁ። ስለ ፎስፈረስ የሚያጠና ሰውም ይህንን ይያዝ፤ ህዋሱ ፎስፌት ወደ ጭቃው ስለሚለቅ የፎስፌት ማዕድን እንዲፈጠር ያግዛል። ነገር ግን እንደ ልብ የሚባዛ ንጹህ ዘር የላቸውም። የዕድገት ፍጥነት ወይም የዘረመል ለውጥ ሙከራ ያቀደ ሰው ከሁለቱም ይራቅ።

በ2022 ደግሞ ቲዮማርጋሪታ ማግኒፊካ ይፋ ሆነ። የተገኘው በጓዴሎፕ፣ ረግረግ ላይ የሚበቅሉ የማንግሮቭ ዛፎች ባሉበት፣ በወደቀና በበሰበሰ ቅጠል ላይ ነው። አንዱ ህዋስ በአማካይ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 2 የሚደርስም አለ። ዲኤንኤውን በሽፋን በተከበቡ ትናንሽ ከረጢቶች ይይዛል። ስለ ህዋስ አወቃቀር ለሚጠይቅ ሰው አፍ የሚያስከፍት ነው። ስለ ሰልፈር ዑደት ለሚጠይቅ ሰው ግን ከእሱ መጀመር አያስፈልግም።

ሽቦ የሚዘረጋው፦ የኬብል ባክቴሪያ

በ2010 በዴንማርክ አርሁስ እነ ላርስ ፒተር ኒልሰን አንድ እንቆቅልሽ አቀረቡ። ሰልፋይዱ የሚጠፋው ኦክስጅን ካለበት ንብርብር ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው። በመሃል ሁለቱም የሉም። ታዲያ ኤሌክትሮኑ በምን ተሻገረ? መልሱ በ2012 መጣ። ብዙ ሺህ ህዋሶች የተቀጣጠሉበት ረጅም ክር ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ታች ያሉት ህዋሶች ሰልፋይድን ይበላሉ፤ ላይ ያሉት በኦክስጅን ይተነፍሳሉ። አንዱ አካል ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። ተመራማሪዎቹ በቀጭን ሽቦ ጭቃውን አግድም ሲቆርጡት ግንኙነቱ ተቋረጠ። ቆንጆ ሙከራ ነው።

የባህሩ ዓይነት ኤሌክትሮትሪክስ ይባላል። ዘመዶቹ ሰልፋይድ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች መሆናቸው ሌላው ገራሚ ነገር ነው።

ለማግኘት አይከብድም። የባህር ጭቃ በወንፊት ታጣራላችሁ፣ ታደባልቃላችሁ፣ በዕቃ አድርጋችሁ አየር ያለው ውሃ ከላዩ ታደርጋላችሁ። ጭቃው የሚስማማው ከሆነ በጥቂት ሳምንታት ይዘረጋል። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። ጫፋቸው ከፀጉር የሚቀጥን የኦክስጅን፣ የሰልፋይድና የፒኤች (የአሲድነት ልክ) መለኪያዎች ያስፈልጋሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፒኤች ኦክስጅን ባለበት ይጨምራል፣ ታች ደግሞ ይወርዳል። መሣሪያው ካላችሁ ይህን ምረጡ። ከሌላችሁ ክሩን በማይክሮስኮፕ አይታችሁ ከማድነቅ ብዙም አታልፉም።

ሥነ ምህዳራዊ ትርጉሙ ሰፊ ነው። በኔዘርላንድስ ግሬቨሊንገን የጨው ሐይቅ እንደታየው፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች በጭቃው ያለውን የብረት ሰልፋይድ ያሟሟሉ፤ ብረቱም ከላይ የዝገት ንብርብር ይሠራል። በበጋ የሐይቁ ታች ኦክስጅን ሲያልቅበት ያ ንብርብር ሰልፋይዱን እየያዘ ወደ ውሃው እንዳይወጣ ያዘገየዋል። ለዓሣና ለሌላው ፍጡር ይህ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

በጠርሙስ የሚበቅሉት

አሁን ጥያቄያችሁ የውስጥ አሠራር ነው እንበል። የትኛው ኢንዛይም ምን ይሠራል? በሰዓት ስንት ይባዛል? እንዲህ ከሆነ ጭቃውን ተዉትና ንጹህ ዘር ያዙ።

ሃይድሮጂኖቪብሪዮ ክሩኖጌነስ ለዚህ ተስማሚ ነው። ድሮ ቲዮማይክሮስፒራ ክሩኖጌና ይባል ነበር። ከምሥራቅ ፓስፊክ የባህር ወለል ፍልውሃ የተገኘ ነው። በቲዮሰልፌት፣ ማለትም በሌላ የሰልፈር ውህድ፣ ይበቅላል። ይህ በጣም ይጠቅማል፤ ቲዮሰልፌት እንደ ሰልፋይድ አይሸትም፣ አየር ሲነካውም ቶሎ አይበላሽም። በጥሩ ሁኔታ በ1 ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያንስበት ከውጭ እየሳበ የሚያከማችበት ሥርዓት ስላለው ካርቦን ለሚያጠናም ምቹ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ሲበላ አሲድ ያመርታል። ፒኤች ካልተስተካከለለት በራሱ አሲድ ይታፈናል።

ሁለተኛው ሰልፈሪሞናስ ዴኒትሪፊካንስ ነው። ኦክስጅን ሳይኖር በናይትሬት ይኖራል፤ ናይትሬቱንም ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ካርቦን የሚይዙበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው እንደ ዕፅዋት በካልቪን ዑደት ይጠቀማል። ሁለተኛው የሲትሪክ አሲድ ዑደትን ወደ ኋላ ያዞራል። የኋለኛው መንገድ ጉልበት ይቆጥባል፤ አንዳንድ ኢንዛይሞቹ ግን ኦክስጅን አይችሉም። ስለዚህ በፍልውሃ አካባቢ ሰልፋይድ በበዛበትና ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሰልፈሪሞናስ ወገኖች ይበረታሉ፤ ኦክስጅን ሻል ባለበት ደግሞ የካልቪን ተጠቃሚዎች። ሁለቱን ጎን ለጎን አብቅሎ በተለያየ የኦክስጅን መጠን ማወዳደር ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው። ገና ሳትጀምሩ የምትለኩትን ታውቃላችሁ።

ሰልፈሩን የሚያቃጥሉበት መንገድም ይለያያል። ብዙዎቹ ሶክስ የሚባል የኢንዛይም ሰንሰለት አላቸው። ሶክስ ሲዲ የተባለው ክፍል ካለ ሰልፈሩ በአንድ ጊዜ ወደ ሰልፌት ይሄዳል። እሱ ከሌለ ድኙ እንደ ጠብታ ሊጠራቀም ይችላል፤ ከዚያ በሌላ መንገድ ይጨረሳል። የባክቴሪያውን ዘረመል ስታነቡ መጀመሪያ ይህን ፈልጉ። ነጭ ጠብታ ማየትና አለማየት ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ሩጌሪያ ፖሜሮይም አለ። በተለመደ ምግብ ይበቅላል፣ ለዘረመል ሥራም ይመቻል። ሰልፈር ግን ለእሱ ድጎማ እንጂ ዋና መተዳደሪያ አይደለም። ጥያቄያችሁ ድጎማው ካልሆነ ተዉት።

ክፍት ውሃ ውስጥ ያሉት

ኦክስጅን ባነሰበት የውቅያኖስ ውሃ ሱፕ05 የሚባል የሰልፈር በል ባክቴሪያ ቡድን ይኖራል። በጥር 2004 በናሚቢያ ዳርቻ 7,000 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ የሚሸፍን ሰልፋይድ ያለበት ውሃ ታይቷል። ከሳተላይት ሲታይ ግን ምንም ምልክት አልነበረም። ሰልፈር በል ባክቴሪያዎች ከታች ሆነው በናይትሬት ሰልፋይዱን እየበሉ ወደ ላይ እንዳይደርስ አድርገውታል።

ሱፕ05ን ማብቀል ለዓመታት አልተቻለም ነበር። በ2017 ቲዮግሎበስ አውቶትሮፊከስ የተባለ ተወካዩ መብቀሉ ታትሟል። ያም ሆኖ ለጀማሪ አልመክረውም። እሱን ከመረጣችሁ ሥራችሁ በዋናነት ከውሃ ናሙና ዘረመል ማንበብ ይሆናል። ሕያው ሙከራ ከፈለጋችሁ ከባልቲክ ባህር የተገኘው ሰልፈሪሞናስ ጎትላንዲካ ይሻላል፤ እሱም የውሃ ውስጥ ኗሪ ነው፣ ይበቅላልም።

እንስሳ ውስጥ የሚኖሩት

በ1977 በጋላፓጎስ አጠገብ ከባህር ወለል ፍልውሃ ዘንድ ሪፍቲያ የሚባሉ ግዙፍ ትሎች ተገኙ። 2 ሜትር ይደርሳሉ። ያደገው ትል አፍም አንጀትም የለውም። ታዲያ በምን ይኖራል? ኮሊን ካቫና የሃርቫርድ ጀማሪ ተመራቂ ተማሪ ሳለች፣ በአንድ ገለጻ ላይ በትሉ አካል ውስጥ የሰልፈር ቅንጣት እንዳለ ሰማች። ሰልፈር በል ባክቴሪያ ውስጡ መኖር አለበት ብላ ወዲያው ተናገረች። በ1981 ማስረጃውን አሳተመች። ጀማሪ ነኝ ብሎ ለሚፈራ ሰው ይህን ታሪክ ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

የትሉ ደም ኦክስጅንንም ሰልፋይድንም ሳይቀላቅል፣ ለየብቻ አስሮ ያጓጉዛል። ባክቴሪያው ከቤቱ ሳይወጣ ሁለቱም ይቀርቡለታል። ከመላዎቹ ሁሉ ምቾት ያለው ይህ ነው። ለተመራማሪው ግን ከባዱ ነው። መርከብ፣ ጠላቂ መሣሪያና ግፊት የሚይዝ ዕቃ ያስፈልጋል።

የትብብር ኑሮ የሚስባችሁ ከሆነ ጥልቁን ትታችሁ ጥልቀት የሌለውን ውሃ እዩ። በባህር ሣር ሥር የሚኖሩ ሉሲኒድ የሚባሉ ባለሁለት ቅርፊት እንስሳት በስንጥባቸው፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በሚተነፍሱበት አካል፣ ሰልፈር በል ባክቴሪያ ይይዛሉ። ሣሩ ለእንስሳው ኦክስጅን ወደ ጭቃው ያወርዳል፤ ባክቴሪያው ሣሩን ከሰልፋይድ ይጠብቃል። በጣልያን ኤልባ ደሴት አሸዋ ውስጥ ደግሞ ኦላቪየስ አልጋርቬንሲስ የተባለ አንጀት የሌለው ትንሽ ትል አለ። ውስጡ ሰልፋይድ የሚያመርትም፣ ያንን የሚበላም ባክቴሪያ አብረው ይኖራሉ። ዑደቱ በአንድ ትል ውስጥ ይሽከረከራል። እኔ ከሪፍቲያ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ጠልቆ አሸዋ መሰብሰብ ይቻላልና።

ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት

የጭቃ ናሙና በቱቦ ቀጥ ብሎ ይወሰድ፣ ቀጥ ብሎ ይጓጓዝ። ተጋድሞ ከደረሰ ድንበሩ ጠፍቷል። ከላዩ ያለው ውሃ አይደፋ። ቤተ ሙከራ ሲደርስ በመጣበት ቦታ ሙቀት ይቀመጥ። ነጩን ሽፋን ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ጥልቀቱን ለኩ።

ሰልፋይድ ያለበትን ዕቃ ሁልጊዜ ጋዝ በሚስብ መሥሪያ ውስጥ ክፈቱ። ብቻችሁን አትሥሩ። ሰልፋይድ ወደሟሟበት ፈሳሽ አሲድ አትጨምሩ፤ ጋዙ በአንድ ጊዜ ይወጣል። አፍንጫችሁንም አትመኑ። መጠኑ ከፍ ሲል ጋዙ የማሽተት አቅምን ያደነዝዛል። ጠንካራ ሽታ ነበረና ድንገት ጠፋ ካላችሁ፣ የያዛችሁትን ትታችሁ ወዲያው ከክፍሉ ውጡ።